ለፋብሪካ ሥራ ወደ ሌላ ካውንቲ ከመዛወርዎ በፊት የአካባቢውን የሥራ ሁኔታ እንዴት ይመዝናሉ?

አሜሪካ ውስጥ ሥራ ፍለጋ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዛወር ሐበሻ ስለ አንድ ቦታ መጀመሪያ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ከዘመድ ወይም ከወዳጅ በስልክ ነው። «እዚህ ፋብሪካው ሰው ይፈልጋል፤ ክፍያው ጥሩ ነው፤ የቤት ኪራዩም ይሻላል፤ ና» ይባላል። ወሬው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ደዋዩ የሚያወራው ስለዚያ ወር ሲሆን የኪራይ ውሉ የሚፈረመው ለዓመት ነው። ኑሮው በአንድ ዓይነት ፋብሪካ ላይ የቆመ ካውንቲ ደግሞ በዓመት ውስጥ መልኩ ፈጽሞ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ዕቃ ከመጫን በፊት አንድ ምሽት ተቀምጦ ቁጥሮቹን ማገላበጥ ያስፈልጋል። ለማሳያ በሰሜን ኢንዲያና የሚገኘውን የኤልክሃርት ካውንቲን እወስዳለሁ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

በ2020 በተደረገው ቆጠራ ኤልክሃርት ወደ 207,000 ሕዝብ ነበረው። የካውንቲው ዋነኛ ሥራ አርቪ መሥራት ነው፤ አርቪ ማለት በመኪና እየተጎተተ ወይም በራሱ ሞተር እየሄደ፣ ወጥ ቤትና መኝታ ያለው የሽርሽር ቤት ነው። ቶር እና ፎረስት ሪቨር የተባሉት ታላላቅ አምራቾች መቀመጫቸው እዚያው ሲሆን፣ በአሜሪካ ከሚሠሩት አርቪዎች አብዛኞቹ የሚወጡት ከዚህ ካውንቲና ከአጎራባቾቹ ነው። በ2009 መጀመሪያ ላይ የካውንቲው ሥራ አጥነት ወደ 20 በመቶ በወጣበት ወቅት ፕሬዚዳንት ኦባማ ሥልጣን በያዙ በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደዚያ ሄደው ነበር። በኮሮና ጊዜ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ፣ በኤፕሪል 2020፣ ቁጥሩ ወደ 30 በመቶ ተጠጋ፤ በ2021 መጨረሻ ደግሞ ከ2 በመቶ በታች ወርዶ አሠሪዎች ሠራተኛ ለማግኘት ይሻሙ ነበር።

እንዲህ የሚያወጣና የሚያወርደው ምን እንደሆነ ለማወቅ፣ ከሁሉ አስቀድመው ፋብሪካው የሚሠራውን ዕቃ ማን፣ በምን ገንዘብ እንደሚገዛው ይጠይቁ። አርቪ ቤተሰብ ሲቸግረው «ለከርሞ ይሁን» የሚለው ዕቃ ነው፤ ብዙው ገዢም የሚገዛው በብድር ነው። በ2021 አምራቾች ወደ 600,000 የሚጠጉ አርቪዎችን ለነጋዴዎች ልከው ነበር። ከማርች 2022 ጀምሮ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ዜሮ አካባቢ የነበረውን ወለድ ከ5 በመቶ በላይ ሲያደርሰው፣ በ2023 የተላከው ወደ 313,000 ወረደ። ስለዚህ ኤልክሃርት ላለ ሠራተኛ የወለድ ዜና የራሱ ደመወዝ ዜና ነው። የታሸገ ምግብ ወይም የሆስፒታል ዕቃ የሚያመርት ካውንቲ ላይ ተመሳሳዩ ዜና ይህን ያህል አይከብድም።

ቀጥሎ የሥራ አጥነት ቁጥሩን ይመልከቱ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየወሩ ለእያንዳንዱ ካውንቲ ያወጣዋል፤ የሴንት ሉዊስ ፌዴራል ሪዘርቭ «ፍሬድ» በተባለው ገጹ ላይ በነፃ በሥዕል ያሳየዋል። የካውንቲ ቁጥር በየወቅቱ የሚደጋገመው መውጣትና መውረድ ስለማይቀነስለት፣ ጃንዋሪን ከዲሴምበር ጋር ሳይሆን ካለፈው ዓመት ጃንዋሪ ጋር ያወዳድሩ። ቁጥሩ ስለወረደም አይደሰቱ። ለምሳሌ ከ1,000 የሥራ ኃይል (የሚሠሩትና ሥራ የሚፈልጉት ተደምረው) 60ው ሥራ አጥ ቢሆኑ 6 በመቶ ነው፤ ከእነርሱ 20ው ተስፋ ቆርጠው ቢሄዱ ከ980 ሰው 40 ይቀራል፣ ይህም 4 በመቶ ገደማ ነው። አንድም አዲስ ሥራ ሳይፈጠር ካውንቲው የተሻለ መሰለ ማለት ነው። ስለዚህ ከመቶኛው ጎን የሥራ ኃይሉን ብዛት አብረው ያንብቡ።

ይህ ቁጥር ሰውን የሚቆጥረው በሚኖርበት ቦታ ነው። በካውንቲው ውስጥ ያለውን ሥራ ለማወቅ፣ ያው ቢሮ በየሩብ ዓመቱ ከአሠሪዎች መዝገብ የሚያወጣውን የሥራና የደመወዝ ቆጠራ ያዩታል፤ ወራት ዘግይቶ ቢወጣም በየዘርፉ ስንት ሰው እንደሚሠራ ይነግራል። ኤልክሃርት ላይ ከሥራው ግማሽ ያህሉ ማምረቻ ነው። እዚህ ላይ የትዳር ጓደኛዎን አይርሱ፤ ሁለታችሁም በአንድ ዘርፍ ከተቀጠራችሁ ክፉው ወር ሲመጣ ሁለቱም ደመወዝ አብሮ ይነካል። በእኔ ግምት አንዱ ፋብሪካ ቢገባ ሌላው ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት ወይም መጋዘን ቢፈልግ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሰዓት እንምጣ። ፋብሪካ ትእዛዝ ሲቀንስበት ብዙ ጊዜ ሰው ከማባረሩ በፊት ሰዓት ይቆርጣል፤ በሳምንት ሦስት ቀን የሚሠራ ሰው ደግሞ በመንግሥት ቁጥር ሥራ ያለው ነው። በሰዓት 22 ዶላር የሚከፈለው ሰው 50 ሰዓት ሲሠራ፣ የ10ሩ ሰዓት ኦቨርታይም በአንድ ተኩል ተሰልቶ፣ ከታክስ በፊት በሳምንት 1,210 ዶላር ያገኛል። በሳምንት አራት ቀን፣ 32 ሰዓት ብቻ ሲሆን 704 ዶላር ይደርሰዋል። የ506 ዶላር ልዩነት በአንድም የሥራ አጥነት ሠንጠረዥ ላይ አይታይም። በአርቪ ፋብሪካዎች ደግሞ ቡድኑ በጨረሰው ልክ የሚከፈልበት «ፒስ ሬት» የተለመደ ስለሆነ፣ የማምረቻ መስመሩ ሲቀዘቅዝ ክፍያው አብሮ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የደወለልዎትን ዘመድ «ስንት ይከፍላሉ?» ከማለት ይልቅ «ያለፉትን ስምንት ሳምንታት ስንት ስንት ሰዓት ሠራህ?» ብለው ይጠይቁት፤ ካላፈረ የክፍያ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ይልክልዎታል። የኪራዩንም አቅም በ32 ሰዓቱ እንጂ በ50ው አያስሉት።

ማስጠንቀቂያም አለ። ዋርን በተባለው የ1988 ሕግ መሠረት 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ፋብሪካ ሊዘጋ ወይም ብዙ ሰው ሊያሰናብት ሲል፣ ሕጉ ከሚፈቅዳቸው ጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ከ60 ቀን በፊት ማሳወቅ አለበት። ማስታወቂያዎቹን የኢንዲያና የሠራተኛ ቢሮ በገጹ ላይ ይለጥፋል። ትንንሽ አሠሪዎችንና የሰዓት ቅነሳን ግን ይህ ዝርዝር ብዙውን ጊዜ አይዝም።

ከቻሉ ሄደው ይዩ። በፋብሪካዎቹ ዙሪያ ያሉት ሜዳዎች ገዢ በሚጠብቁ አዳዲስ ነጭ አርቪዎች ተጨናንቀው ከሆነ፣ መስመሩ ከሽያጩ ፈጥኗል ማለት ሊሆን ይችላል። ኤልክሃርት ላይ ነጋዴዎች በሴፕቴምበር ተሰብስበው የቀጣዩን ዓመት ሞዴሎች አይተው ያዝዛሉ፤ ስለዚህ የመዛወሪያውን ቀን መምረጥ የሚችል ሰው የሴፕቴምበሩ ትእዛዝ እንዴት እንደነበር እስኪሰማ ቢቆይና እስከዚያው የወር በወር ኪራይ ቢፈልግ ጥሩ ነው።