የደፈረሰ የዓሣ ገንዳ ውኃን በብርጭቆ መለየት

ተክል ያለበት የዓሣ ገንዳችሁ ውኃ ምክንያቱ ሳይታወቅ ቢደፈርስ፣ ሁሉንም ደፍታችሁ እንደ አዲስ ከመሙላታችሁ በፊት ጥቂቱን በንጹሕ ብርጭቆ ቀድታችሁ ነጭ ወረቀት ፊት በማስቀመጥ ቀለሙን ተመልከቱ። ወደ አረንጓዴ ካደላ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፍ አልጌ (በዓይን የማይለይ ደቃቅ ተክል መሰል ሕያው) ነውና የመብራቱን ጊዜ በቀን ወደ 6 ሰዓት ዝቅ አድርጉ፤ ከሰዓታት በኋላ ከሥር ከዘቀጠ ደግሞ የአፈሩ ብናኝ ነው። የወተት ጠብታ የገባበት መስሎ ሳይዘቅጥ የሚቆየው ግን፣ በተለይ ገንዳው አዲስ ከሆነ ወይም የበሰበሰ ቅጠልና የተረፈ ምግብ ካለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ የባክቴሪያ መራባት ነው። አሞኒያውን (ከዓሣ ቆሻሻና ከብስባሽ የሚወጣውን መርዛማ ንጥረ ነገር) ለኩ፣ ምግብ ቀንሱ፣ ታገሡም። ማጣሪያውን በቧንቧ ውኃ ማጠብ (ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው) በክሎሪኑ ምክንያት በማጣሪያው ውስጥ ያሉትን አሞኒያን የሚያስወግዱ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሊገድል ስለሚችል ድፍርሱን ያራዝመዋል።