ለቤት አከራዮች፦ የቆጣሪውን ሒሳብ ተከራዩ ባለበት ያንብቡ
በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በግቢዎ ተከራይ የሚያኖሩ ከሆነ፣ ቅያሜ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከኪራዩ ዋጋ ይልቅ በጋራ ቆጣሪ ከሚመጣው የመብራትና የውሃ ሒሳብ ስለሆነ፣ ወር በገባ ቁጥር ቆጣሪውን ተከራዩ ባለበት አንብበው፣ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው፣ ድርሻውን ከነስሌቱ በጽሑፍ ይላኩለት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ስለሚያዝ፣ የሒሳቡ አከፋፈልም እዚያው ውሉ ላይ ይስፈር። ጣሪያ ለማደስ ሲያስቡ ቀኑን አስቀድመው ይንገሩ፤ ተከራዩ በሌለበት በትርፍ ቁልፍ ከፍቶ መግባት፣ ቤቱ የራስዎ ቢሆንም እንኳ፣ ፈጽሞ ተገቢ አይደለም። ስለ ኪራይ ጭማሪ ሲሆን ደግሞ ልጅ ወይም ጎረቤት አይላኩ፤ ራስዎ ቁጭ ብለው ይነጋገሩ፣ የተስማሙበትንም ጽፈው ይፈራረሙ።