ናይጄሪያ ውስጥ ሲም ካርድ ሲያስመዘግቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በናይጄሪያ የስልክ ቁጥር ለመደወያ ብቻ አይደለም። ባንኩ የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው በእሱ ነው፤ ብዙ ሰው ገንዘብ የሚያስተላልፈውም በአጭር ኮድ ከዚያው ቁጥር ነው። ስለዚህ ሲሙ በማን ስም፣ የትና በምን ሰነድ እንደተመዘገበ ቀድሞ ያልተጠነቀቀ ሰው ችግሩን የሚያውቀው ስልኩ የጠፋበት ወይም መስመሩ የተዘጋበት ቀን ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሌጎስ፣ አቡጃ፣ ካኖ ወይም ኤኑጉ የሚወርዱ ነጋዴዎችና ለሥራ የሚሄዱ ወገኖቻችን የሚወድቁባቸውን ስህተቶች ከነምክንያታቸው እናስቀምጣለን። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱም ወራቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምዝገባው የተጀመረው በ2011 ነው። ቁጥጥሩ የከረረው ግን በ2015 ነው፤ የቴሌኮም ተቆጣጣሪው የናይጄሪያ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ያልተመዘገቡ 5.1 ሚሊዮን መስመሮችን በወቅቱ አልዘጋም በሚል የሞባይል ኩባንያውን ኤምቲኤንን 1.04 ትሪሊዮን ናይራ ቀጣ። ቅጣቱ በ2016 ወደ 330 ቢሊዮን ናይራ ዝቅ ብሏል። በታኅሣሥ 2020 ደግሞ እያንዳንዱ መስመር ከብሔራዊ የመታወቂያ ቁጥር ጋር እንዲተሳሰር ታዘዘ። ቁጥሩን አገሬው «ኒን» ይለዋል፤ እኛም እንደዚያው እንጠራዋለን። የሱቅ ሠራተኛ በአንዲት ፊደል ልዩነት ሲመልስዎት ከጀርባው ይህ ታሪክ እንዳለ ይወቁ።

ቀድሞ የተመዘገበ ሲም ከመንገድ መግዛት

ዋናው ስህተት ይህ ነው። ሻጩ «ምንም አያስፈልግም፣ ክፈትና ደውል» ይላል፤ እውነትም ሲሙ ወዲያው ይሠራል። የሚሠራው ግን የሌላ ሰው ስም፣ አሻራና ኒን ስላለበት ነው። ያ ሰው የማያውቁት ነው፤ አንዳንዴ እሱ ራሱ በስሙ መስመር መውጣቱን አያውቅም። ቁጥሩ በሕግ ፊት የእሱ ስለሆነ፣ ሲሙ ቢጠፋ ምትክ ማውጣት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ባንክዎን፣ ቴሌግራምዎንና ዋትስአፕዎን በዚያ ቁጥር ከከፈቱ በኋላ መስመሩ ቢዘጋ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። በዚያ ላይ ቁጥሩ ከእርስዎ በፊት ለማጭበርበር ውሎ ከሆነ መርማሪ የሚያገኘው አሁን በእጁ የያዘውን ሰው ነው። ቀድሞ የተመዘገበ ሲም መሸጥም መጠቀምም የተከለከለ ነው።

ምልክቱን መለየት አያስቸግርም። አሻራ ሳይሰጡ፣ ፎቶ ሳይነሱ፣ ሰነድ ሳያሳዩ የከፈተልዎት ሲም የእርስዎ አይደለም።

የት እንደሚሠራ ሳይለዩ መሄድ

አዲስ ሲም የሚመዘገበው በኩባንያዎቹ የራሳቸው የአገልግሎት ማዕከልና በተፈቀደላቸው ወኪሎች ዘንድ ነው። አገር አቀፍ ኦፕሬተሮቹ አራት ናቸው፤ ኤምቲኤን፣ ኤርቴል፣ ግሎ፣ እንዲሁም በ2025 ስሙን ወደ ቲ2 የቀየረው 9ሞባይል። የግሎ ሱቆች «ግሎወርልድ» የሚል ስም አላቸው።

ወኪል ዘንድ አዲስ ሲም ማውጣት ይቻላል፤ ለውጭ አገር ዜጋ ግን የኩባንያው ዋና ሱቅ ይሻላል ብለን እንመክራለን። በፓስፖርት የሚደረግ ምዝገባ ለብዙ ወኪሎች የዕለት ተዕለት ሥራ አይደለም፤ ያልለመደው ሠራተኛ ቅጹን እንደ ናይጄሪያዊ ሊሞላውና ሲስተሙ መልሶ ሊጥለው ይችላል። የጠፋ ሲም መተካት፣ የተሳሳተ ስም ማስተካከል፣ የድርጅት መስመር ማውጣት ሲሆን ደግሞ ወኪል ዘንድ መመላለስ ጊዜ ማባከን ነው፤ በቀጥታ ዋናው ሱቅ ይሂዱ። ኤርፖርት መድረሻው ላይ የኩባንያው ዴስክ ካገኙ ፓስፖርቱ ገና በእጅዎ ሳለ እዚያው መጨረስ ጥሩ ነው። ሌጎስ ኢኬጃ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ቪሌጅ ቀፎና መለዋወጫ ለመግዛት የታወቀ ሰፈር ነው። ለሲም ምዝገባ ግን እዚያ ጃንጥላ ስር ከተቀመጠ ሰው ይልቅ የኩባንያው ምልክት ያለበትን በር ይፈልጉ።

ኒን የሚያወጣው ሌላ አካል ነው፤ የብሔራዊ መታወቂያ አስተዳደር ኮሚሽን። ምዝገባው በኮሚሽኑ ጽሕፈት ቤቶችና ፈቃድ በሰጣቸው ወኪሎች ዘንድ ይካሄዳል፤ አንዳንድ የቴሌኮም ሱቆችም ፈቃዱ አላቸው። ለኒን መመዝገብ በነፃ ነው። «ለማፋጠን» ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ እሱን ትተው ሌላ ማዕከል ይሂዱ።

የጎብኚንና የነዋሪን ሰነድ ማደባለቅ

ለአጭር ጊዜ የመጣ ሰው በፓስፖርቱና በቪዛው ይመዘገባል። የፓስፖርቱን የመረጃ ገጽ፣ የቪዛውን ገጽና የመግቢያ ማህተም ያረፈበትን ገጽ ይዘው ይሂዱ፤ ዋናውን እንጂ በስልክ የተነሳ ፎቶ አይያዙ። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ በሕጋዊ ነዋሪነት የሚቆይ ሰው ግን ኒን ማውጣት አለበት። ለውጭ ዜጎች ኒን ሲጠየቅ ሰርፓክ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር ይፈለጋል።

ስህተቱ የሚመጣው በመካከል ነው። ሰውየው በጎብኚነት ገብቶ በፓስፖርት ሲም ያወጣል፤ ቀጥሎ ሥራ ያገኛል፤ ሰርፓኩም ይወጣል፤ የሲሙ መዝገብ ግን እንደነበረ ይቀራል። ኒን እንዳገኙ ወዲያውኑ ወደ ሱቁ ተመልሰው ያንኑ ቁጥር ከኒኑ ጋር ያስተሳስሩ። ፓስፖርት ሲታደስ ቁጥሩ ስለሚለወጥ አሮጌውን ፓስፖርት አይጣሉ፤ ሲሙ የተመዘገበበትን ሰነድ ማሳየት የሚጠየቁበት ቀን ይመጣል።

11 አሃዝ ያላቸውን ሦስት ቁጥሮች ማምታታት

ኒን 11 አሃዝ ነው። ባንኮች የሚሰጡት የማረጋገጫ ቁጥር፣ አገሬው «ቢቪኤን» የሚለው፣ እሱም 11 ነው። በዜሮ የሚጀምረው የሞባይል ቁጥርም 11 ነው። ባንክ ሂሳብ ቀድሞ የከፈተ ሰው ቢቪኤኑን በኒን ቦታ ሰጥቶ «አልተገኘም» ሲባል ሲስተሙን ይወቅሳል። ሌላው ለኒን ሲመዘገቡ በወረቀቱ ላይ የሚሰጠው መከታተያ ቁጥር ነው፤ ፊደልና አሃዝ የተቀላቀለበት ስለሆነ ኒን እንዳልሆነ ከዚያ ይታወቃል። ኒንዎን ከረሱት ለኒን ሲመዘገቡ ከሰጡት ስልክ *346# ይደውሉ። አገልግሎቱ ከሂሳብ ጥቂት ስለሚቆርጥ ቀሪ ሂሳብ ይኑርዎት።

ስምና የልደት ቀን

ሐበሻን ከሁሉም በላይ የሚያሰቃየው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው።

የናይጄሪያ ቅጽ የቤተሰብ ስም፣ የመጀመሪያ ስምና መካከለኛ ስም ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ሠራተኛው «የቤተሰብ ስምህ ማን ነው?» ሲል አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይናገራል። ሲሙ በአንዱ፣ ኒኑ በሌላው ከተያዘ ሁለቱ መዝገቦች ሲነጻጸሩ አይገጥሙም፤ መስመሩም ሳይረጋገጥ ይቀራል። መፍትሔው በቃል አለመመለስ ነው። ፓስፖርቱን ይክፈቱና ከመረጃ ገጹ ግርጌ ያሉትን ሁለት የማሽን መስመሮች ይመልከቱ። በላይኛው መስመር ከአገራችን የሦስት ፊደል ኮድ ቀጥሎ እስከ መጀመሪያው ድርብ << ምልክት ያለው ማሽኑ የቤተሰብ ስም ብሎ የሚያነበው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የራስዎ ስም ተብሎ ይነበባል። ለሲምም፣ ለኒንም፣ ለባንክም ያንኑ ቅደም ተከተልና ያንኑ የላቲን አጻጻፍ ይስጡ። ጸሐይን ወይም ጽጌን በላቲን ፊደል የምንጽፍበት መንገድ ብዙ ነው፤ ማሽኑ የሚያውቀው ግን አንዱን ብቻ ነው።

የልደት ቀንም እንደዚሁ ነው። መስከረም 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ፓስፖርቱ ላይ 1997 ነው የሚለው፤ ጥር 1990 ዓ.ም. የተወለደው ደግሞ 1998። በአፍ የለመዱትን ከተናገሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃሉ። ከአሜሪካ የመጣ ወገን ደግሞ ወርን ከቀን ስለሚያስቀድም ይጠንቀቅ፤ ናይጄሪያ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብላ ነው የምትጽፈው። ኒን ላይ የገባ የልደት ቀን ማስለወጥ ከስም ማስተካከል በጣም የሚበልጥ ክፍያና ተጨማሪ ማስረጃ ይጠይቃል። ሠራተኛው «አስገባ» የሚለውን ከመንካቱ በፊት ስክሪኑን ወደ እርስዎ እንዲያዞርልዎት ይጠይቁና ፊደል በፊደል ያንብቡ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ መብትዎ ነው።

ተሳስቶ ከተገኘ መጀመሪያ የተሳሳተው የቱ እንደሆነ ይለዩ። የሲሙ መዝገብ ከሆነ የሚታረመው በኦፕሬተሩ ሱቅ ነው። ኒኑ ከሆነ በመታወቂያ ኮሚሽኑ እንጂ የቴሌኮም ሱቅ ሊነካው አይችልም። ይህን ሳይለዩ በሁለቱ መካከል የሚንከራተቱ ብዙ ናቸው።

አሻራና ፎቶ

የአሥሩም ጣቶች አሻራ ይወሰዳል። ላብ፣ ቅባትና በሥራ የሻከረ ቆዳ ንባቡን ያበላሻሉ፤ እጅን ታጥቦ በደንብ ማድረቅ፣ ደረቅ ቆዳ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ማርጠብ ይረዳል። ለፎቶ መነጽርና ኮፍያ ያውልቁ፤ ፊት ሙሉ ለሙሉ ይታይ። ሠራተኛው መሣሪያው እምቢ ሲለው በራሱ ጣት ሊያሟላ ከሞከረ እዚያው ያስቁሙት። ያ መስመር ነገ በአሻራ ሲጣራ የእርስዎ መሆኑን ማስረዳት አይቻልም።

በወዳጅ ኒን መመዝገብ

«ኒንህ እስኪወጣ በእኔ አውጣ» የሚል ደግ ጓደኛ ወይም አከራይ አይጠፋም። በአንድ ኒን የሚፈቀደው አራት መስመር ነው። የእርስዎ ሲም ከአራቱ አንዱን ይይዛል፤ እሱ ሌላ ሲፈልግ ይከለከላል፤ ከአራት ካለፈ ደግሞ የእርስዎም የእሱም አደጋ ላይ ነው። ጓደኝነቱ ቢሻክር ወይም ሰውየው ከተማ ቢቀይር ምትክ ሲም ማውጣት የሚችል ሰው የለዎትም ማለት ነው። በእርስዎ ስልክ ለተሠራ ጥፋት የሚጠየቀውም እሱ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዕዳ በወዳጅ ላይ መጣል አይገባም።

ሠራተኞቹን ሲም ይዞ የሚያሰማራ ድርጅት መስመሮቹን በአንድ ሥራ አስኪያጅ ስም እየደረደረ አይቀጥል። ለድርጅት የተዘጋጀ ምዝገባ አለ፤ ከከፍተኛ አመራር አንድ ኃላፊ ተወክሎ በእሱ ኒን ዋናው ምዝገባ ይደረጋል፣ ተጠቃሚ ሠራተኞችም የየራሳቸውን ኒን በሁለተኛነት ይሰጣሉ።

«ኒኔን አስገብቻለሁ» ብሎ መተኛት

ማስገባትና መረጋገጥ ሁለት ነገሮች ናቸው። በ2024 የተዘጉት መስመሮች ጭራሽ ኒን ያልሰጡ ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ ኒን ሰጥተው መዝገባቸው ያልገጠመም ብዙ ነበሩ። በሐምሌ መጨረሻ በአንድ ቅዳሜና እሁድ በርካታ መስመሮች ተቆርጠው ሕዝቡ የኩባንያዎቹን ሱቆች አጨናነቀ። የኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ የተዘጉት እንዲከፈቱ አዘዘና የመጨረሻውን ቀን ወደ መስከረም 14 ቀን 2024 አራዘመው። ያኔ ወረፋ ላይ የዋሉት አስቀድመው አንድ ኮድ ቢደውሉ ችግራቸውን በጊዜ ባወቁ ነበር።

ኮዱ *996# ነው፤ በሁሉም ኦፕሬተሮች አንድ ዓይነት ነው። ሲሙን ካወጡ ጥቂት ቀን ቆይተው ይደውሉና ሁኔታውን ያንብቡ፤ ከሦስት ወር በኋላም ይድገሙት። ከሱቁ ሳይወጡም ሁለት ነገር ይሞክሩ፤ ራስዎ ይደውሉ፣ ወደ እርስዎም ያስደውሉ። አንዱ ሠርቶ ሌላው እምቢ ካለ ምዝገባው አልተጠናቀቀም። የሲሙን ማሸጊያ፣ መለያ ቁጥሩና የመክፈቻ ኮዱ ያለበትን ካርድ ጨምሮ ያስቀምጡ። ኢ-ሲም፣ ማለትም ካርድ የሌለውን በስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም፣ የወሰደ ሰውም ከዚህ ምዝገባ ነፃ አይደለም።

መስመሩን ዘግቶ ወደ አገር መመለስ

ለስድስት ወር ገቢ የሚያስገኝ እንቅስቃሴ ያልታየበት መስመር፣ ማለትም ጥሪ፣ መልእክት ወይም ኢንተርኔት ያልተጠቀመ፣ ሊዘጋ ይችላል። ሌላ ስድስት ወር እንደዚያው ከቆየ ቁጥሩ ይወሰድና ለሌላ ሰው ይሸጣል። አዲሱ ባለቤት የባንክዎን መልእክት ማንበብ ይጀምራል። ስለዚህ አዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ ከመመለስዎ በፊት ምርጫው ሁለት ነው። ወይ ሂሳብ ሞልተው ሮሚንግ (ውጭ አገር ሆኖ በዚያው ሲም መጠቀም) መከፈቱን ያረጋግጡና በየጥቂት ወሩ አንድ የሚከፈልበት ጥሪ ያድርጉ፤ ወይ ከባንኩና ከመተግበሪያዎቹ ላይ ቁጥሩን አስቀድመው ያስነሱ።

አቤቱታን በተሳሳተ በር ማቅረብ

መስመርዎ ያለ ምክንያት ቢዘጋ መጀመሪያ 300 ደውለው ለኦፕሬተሩ ያመልክቱና የአቤቱታ ቁጥር ይቀበሉ። ካልተፈታ ያንን ቁጥር ይዘው የኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑን ነፃ መስመር 622 ይደውሉ። የአቤቱታ ቁጥር ሳይዝ 622 የሚደውል ሰው ወደ ኦፕሬተሩ ይመለሳል። ማንም ደውሎ «መስመርህ ሊዘጋ ነው፣ ኒንህንና የመጣልህን ኮድ ንገረኝ» ካለ ግን ስልኩን ዘግተው በራስዎ *996# ይደውሉ።