የመጀመሪያውን ገና በሰው አገር ለምታከብሩ

ከድሬ ወጥታችሁ ዘንድሮ ገናን በሰው አገር የምትውሉ እህቶቼ፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 እዚያ ብዙ ጊዜ የሥራ ቀን ስለሚሆን ሁሉን ለዋዜማው አትተዉት። የዶሮ ወጡን ቁሌት ጾሙ ሳይፈታ በዘይት ሥሩት። ሽንኩርቱ ውሃው እስኪመጥ በደንብ ይቁላላ፤ ከድሬው ከፊራ ገበያ የተላከላችሁን በርበሬ ጨምሩና ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ጠቆር እስኪል አብስሉት። ሲቀዘቅዝ ፍሪዘር ይግባ። ዋዜማ ላይ የሚቀራችሁ ቅቤውና ዶሮው ነው።

ዶሮው ላይ ግን አደራ! የሱፐርማርኬት ዶሮ እንደ ሐበሻ ዶሮ አይጠነክርም። እህቴ በመጀመሪያው ዓመት አስቀድማ ከታው ሥጋው ከአጥንቱ ተላቆ ሲፈራርስባት፣ ስልክ ላይ አብረን አለቀስን። በሎሚና በጨው እጠቡትና ወደ መጨረሻው ላይ ወጡ ውስጥ ክተቱት፤ እስኪበስል ብቻ ይቆይ። ከዚያ መከለሻና የተቀቀለው እንቁላል።