የኮሪያ ድራማ እንቅልፍ ለነሳችሁ

የኮሪያ የፍቅር ኮሜዲ የጀመረ ሰው «አንድ ክፍል ብቻ አይቼ እተኛለሁ» ካላችሁ አትመኑት። እኔም ብያለሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ 4 ፐርሰንት ቀርቶት፣ ቻርጀሩ አልጋ ድረስ አልደርስ ስላለ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር።

ዘዴው ይኸውላችሁ፦ ክፍሉ ሲያልቅ ሳይሆን መሃሉ ላይ አቁሙ።

ለምን መሰላችሁ? ጸሐፊዎቹ ልብ የሚያንጠለጥለውን ነገር የሚያስቀምጡት መጨረሻ ላይ ነው። ልጁ እጇን ይይዛል፣ ዞር ትላለች፣ ዘፈኑ ይገባል፣ ምስሉ ቀጥ ይላል። አለቀ! እዚያ ላይ ማን ይተኛል? የሚቀጥለው ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ገና ሲጀምር ነገሩን ይፈታዋል። ከዚያ የቢሮ ሐሜት ይመጣል፣ ኑድል ይበላሉ፣ እናትየው ትቆጣለች። ልብ ረገብ የሚለው እዚህ ጋ ነው። ያኔ አጥፉት።

ቀጣዩን ክፍል ሳትጠየቁ የሚከፍተውንም ነገር ሴቲንግ ገብታችሁ ዝጉት። ዋናው የእንቅልፍ ሌባ እሱ ነው።

ኮሪያውያኑ ራሳቸው እኮ በቴሌቪዥን ሲያዩት እንደኛ አይደለም። «ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ» የተባለው የፍቅር ድራማ 16 ክፍል ነው። ቅዳሜ አንድ፣ እሁድ አንድ እየተባለ በፈረንጆቹ ከዲሴምበር 2019 እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ድረስ ቆይቷል። እኔ በ3 ቀን ነው የጨረስኩት። ወጥም አሳርሬያለሁ።

የመጨረሻዎቹን 2 ክፍሎች ግን ለእረፍት ቀን አስቀምጧቸው። እዚያ ላይ ይሄም ዘዴ አይሠራም።