ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ጅሬን አትውጡ

የምረቃ ሰሞን በመጣ ቁጥር ይኸው ነው። ጋዋን የለበሰ ተመራቂ፣ ነጠላ ያጣፉ እናት፣ ሦስት ወንድሞችና አንድ ጀማሪ ፎቶ አንሺ በባጃጅ ተጠቅጥቀው ጅሬን ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይወጣሉ። ከጅማ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጉዞው ተጓቶ ሲደርሱ 6 ሰዓት ሆኗል። ፎቶ አንሺው ደግሞ “እዚህ ጋ ቁሙ፣ ብርሃን አለ” ብሎ ሜዳው መሀል ያቆማቸዋል።

ወንድሜ፣ ብርሃኑ መች ጠፋ? ችግሩ ከየት ነው የሚመጣው የሚለው ነው። በዚያ ሰዓት ከአናት ቁልቁል ስለሚወርድ ዓይኖች ጉድጓድ ይገባሉ፣ ከአፍንጫ ሥር ጥላው ጢም ይመስላል፣ ግንባር በላብ ያብረቀርቃል። እናትየው ስንት ዓመት በጠበቁት ፎቶ ላይ ዓይናቸው የለም! ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ድረስ፣ ወይም ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ውጡ። ሰዓቱን መምረጥ ካልቻላችሁ ቤተ መንግሥቱ የእንጨት በረንዳ አለው፤ ከጥላው ጠርዝ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስገቧቸውና ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙሩ። ደመና ከሆነማ ስለት የሰመረላችሁ ያህል ቁጠሩት። ጀማሪ ሁሉ ደመናውን ሲረግም ስሰማ እበሽቃለሁ፤ ከዚያ የለሰለሰ የፊት ብርሃን ከየት ሊያመጣ ነው?

ነጭ ነጠላ ካሜራን ያታልላል። ካሜራው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ስለሚፈልግ፣ ፍሬሙን ነጭ ሲሞላው “በዛ” ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ የሚጨልመው ግን ፊት ነው። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ሠርግ እናቶችን በሙሉ አጥቁሬ አስረክቤያለሁ። ጥለቱ ግን አንድ ክር ሳይቀር ይቆጠር ነበር። በሞባይል የምታነሱ ፊቱን ነክታችሁ ብርሃኑን ከፍ አድርጉ፤ በካሜራ ከሆነ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ካሜራው የመረጠውን ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻውን) +1 አካባቢ ሞክሩት።

ሞባይሉን አፍንጫቸው ሥር አትደቅኑባቸው፤ አፍንጫ ያብጣል። ሁለት ሜትር ራቁና ዙሙን 2 አድርጉት።

ቡና ጥላ ሥር ማንሳት ሁሉም ይወዳል፣ እኔም እወዳለሁ። ግን በቅጠል ውስጥ ያለፈ ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ ነው ፊት ላይ የሚያርፈው፤ ሰውየው ወባ የያዘው ይመስላል። ጥቂት እርምጃ አውጥታችሁ ቀዩ የአፈር መንገድ ጠርዝ ላይ አቁሙት። አፈሩ ከታች ሞቅ ያለ ብርሃን ይመልስለታል፣ ሪፍሌክተር (ብርሃን መላሽ ሰሌዳ) መግዛት አያስፈልጋችሁም።

ሰው ሳይዘጋጅ ማንሳትን ተደብቆ ከማንሳት ጋር የሚያምታቱ አሉ። እኔም አንዱ ነበርኩ። አንድ ሐሙስ ገበያ ላይ የጅማ በርጩማ የሚሸጡ አዛውንት አየሁ፤ ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ጭናቸው ላይ ገልብጠው በመዳፋቸው ያሻሉ። ከእህል ጆንያ ጀርባ ሆኜ በረጅም ሌንስ አነሳኋቸው። ቀና አሉ።

“ልጄ፣ ምን ወሰድክብኝ?”

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወጥቼ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ፎቶውን አሳይቼ ፊታቸው አጠፋሁት፣ ቁጭ በል አሉኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ እንጨት ዋጋ አወራን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እኔንም ካሜራዬንም ረስተው ወደ ማሻሸታቸው ተመለሱ። “ላንሳዎት አባቴ?” ስላቸው ቀና እንኳ ሳይሉ “አንሳ” አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ፎቶው የመጣው፤ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የእንጨቱን ልስላሴ ሲለኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ፎቶውን አራቁት፣ አቀረቡት።

“ፊቴስ ፊቴ ነው። እጄን የት አደረስከው?”

እውነታቸውን ነው። ድንኳኑ ሥር ጨለም ስላለብኝ የሹተሩን (የካሜራውን መጋረጃ) ፍጥነት 1/60 ሰከንድ አድርጌው ኖሯል፤ የሚያሸው እጃቸው ጭስ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሳነሳ አይ.ኤስ.ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አደርጋለሁ እንጂ ከ1/250 አልወርድም። በርጩማውን ግን በዋጋው ገዝቼዋለሁ፤ ይህን የምጽፈውም እሱ ላይ ተቀምጬ ነው።