ማስኩ ቀረ እንጂ ወረቀቱ አልቀረም

በማርች 2022 እዚህ አሜሪካ ያሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የኮቪድ ማስክ ግዴታን ሲያነሱ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስንት ኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህንኑ ጥያቄ እንደጠየቀኝ መቁጠር ትቼ ነበር። «ማስክ ቀርቷል አይደል? ታዲያ የክትባት ወረቀት ለምን ይጠይቁኛል?» አንዱ በቴሌግራም፣ ሌላው ላይብረሪ በር ላይ፣ ሦስተኛዋ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ደውላ። እሷ ኮርስ ልትመዘገብ ስትገባ ቀይ ማስጠንቀቂያ ተደቅኖ ጠበቃት። እያለቀሰች ነበር የደወለችው። እንግዲህ አንዴ ልጻፈውና የሚጠይቀኝን ሁሉ ወደዚህ ልላክ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ከታች ያለው የማስክና የኮቪድ ክትባት ሕግ የዚያ ጊዜው ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። የኛ ነው ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር እዚህ የምጠቅሰው ቀን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው። ለምን ይሄን ያህል እንደምጠነቀቅ ዝቅ ስትሉ ይገባችኋል።

መጀመሪያ የሆነው ነገር። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2022 መመሪያውን ቀየረ። ከዚያ በፊት በዋናነት የሚታየው ስንት ሰው ተያዘ የሚለው ነበር። ከዚያ ወዲያ ሆስፒታሎች ምን ያህል ተጨናንቀዋል የሚለውም መቆጠር ጀመረ። በዚህ ስሌት ብዙው አካባቢ ማስክ ከማያስፈልገው ተርታ ገባ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ተከትለው በማርች ማስኩን ከክፍል፣ ከላይብረሪና ከካፌ አነሱ። በየሳምንቱ የነበረው ምርመራ በብዙ ቦታ ቀረ። ጠዋት ጠዋት «ትኩሳት አለህ? ማሽተት አቅቶሃል?» እያለ የሚነዘንዘን አፕም ቀረ። እሰይ ነው።

ግን ያነሱት ቫይረሱ ስለጠፋ አይደለም። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው አብዛኛው ስለተከተበ ነው። መከተቡን ያወቁት ደግሞ እየዞሩ ጠይቀው ሳይሆን ፖርታሉ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ድረ ገጽ ላይ ከገባው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ያልገባለት ሰው በእነሱ ዓይን ያልተከተበ ሰው ነበር። ሦስቴ ብትከተቡ፣ ክንዳችሁ ወንፊት ቢሆን፣ ሲስተሙ ላይ ከሌለ የለም። ሕጉ የላላው ለተመዘገቡት ነበር። ወረቀታችሁ ያልገባ እናንተ ገና ኦገስት 2021 ላይ ነበራችሁ።

የላላውም ቢሆን ተመልሶ እንደማይጠብቅ ማንም አልማለላችሁም። ሜይ 13 ቀን 2021 ሲዲሲ የተከተበ ሰው በአብዛኛው ቦታ ማስክ አያስፈልገውም ብሎ ሁሉም ሲጨፍር፣ ጁላይ 27 ላይ ዴልታ በሚባለው አዲስ የቫይረሱ ዝርያ ምክንያት ቃሉን አጠፈ። ሁለት ወር ተኩል እንኳ አልሞላም። ማስካችሁን አትጣሉት ያልኩት ለዚህ ነበር። የተማሪዎች ክሊኒክ ስትገቡ ያኔም ታደርጉ ነበር። በከተማ አውቶቡስ፣ በባቡርና በአውሮፕላን ደግሞ እስከ ኤፕሪል 2022 የፌዴራል ትእዛዝ ስለነበረ ዩኒቨርሲቲው አያገባውም ነበር። አንድ ልጃችን ከአውቶቡስ ሾፌር ጋር «ዩኒቨርሲቲያችን እኮ አንስቶታል» እያለ ሲከራከር አየሁ። ሾፌሩ ምን አገባው?

«ኤርፖርት ላይ አሳይቻለሁ» የምትሉም ነበራችሁ። ኤርፖርት ሌላ፣ ዩኒቨርሲቲ ሌላ። ከኖቬምበር 8 ቀን 2021 እስከ ሜይ 2023 ድረስ በአውሮፕላን አሜሪካ የሚገባ የውጭ ዜጋ ሙሉ በሙሉ የተከተበ መሆን ነበረበት። ወረቀቱን የሚያየው አየር መንገዱ ነበር። አይቶ ይመልስላችሁ ነበር እንጂ ለዩኒቨርሲቲያችሁ አያስተላልፍም። ክትባቱ በስፋት ካልተዳረሰባቸው አገሮች በተማሪ ቪዛ የሚመጣ ሰው ሳይከተብ እንዲሳፈር የሚፈቅድ ልዩ አሠራርም ነበረ። ግን በባዶ አልነበረም፤ በ60 ቀን ውስጥ እከተባለሁ ብላችሁ ትፈርሙ ነበር። ሳታነቡ የፈረማችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሻንጣ እየጎተተ ቅጽ የሚያነብ የለም። 

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ።

አገር ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር የምሠራው። ስለዚህ ክትባቱ በማርች 2021 ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ተከታቢዎች አንዱ ሆንኩ። አስትራዜኔካ፣ ያ ሕንድ የተመረተው፣ ኮቪሺልድ የሚባለው። የመጀመሪያውን መጋቢት 15 ቀን 2013፣ ሁለተኛውን ሰኔ 10 ቀን 2013 በኛ አቆጣጠር ወሰድኩ። ነርሷ ካርዱ ላይ በቆንጆ የእጅ ጽሕፈት 15/7/2013 እና 10/10/2013 ብላ ጻፈችልኝ። ካርዱን ፓስፖርቴ ውስጥ ከትቼ በኦገስት እዚህ ገባሁ። ከሁሉም ቀድሜ የተገላገልኩ ነበር የመሰለኝ።

የዩኒቨርሲቲዬ ፖርታል የተከተብክበትን ቀን ሙላ ይላል። ወደ ፈረንጆቹ ቀይሬ ማርች 24 እና ጁን 17 ቀን 2021 ብዬ ሞላሁ። የካርዱንም ፎቶ ጫንኩ። በአራተኛው ቀን ኢሜይል መጣ፤ ያስገባኸው ሰነድ ከሞላኸው ቀን ጋር አይገጥምም ይላል። ለካ ካርዱን ያየው ሰው የሚያነበው በአሜሪካ ልማድ ነው፤ ወር ቀድሞ፣ ቀን ተከትሎ። ሁለተኛው ክትባቴ ኦክቶበር 10 ቀን 2013 ሆነ። ቫይረሱ ራሱ ከመታወቁ ስድስት ዓመት በፊት። የመጀመሪያው ደግሞ በ15ኛው ወር የተሰጠ ነው። እኛ እንኳ ያሉን 13 ብቻ ናቸው።

ሳቅኩ። ሳቁ ብዙ አልቆየም። ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ሁለት አንቀጽ ጽፌ ላክሁ፤ ጳጉሜን እንኳ ሳይቀር አስረዳሁ። መልስ የለም። ሄጄ ሳይ ጉዳዩ «ተዘግቷል» ይላል፤ አዲስ ክፈት። ከፈትኩ። ሌላ ሰው እጅ ገባ፤ ከሀ ጀመርኩ። በዚያ ላይ የክትባቱን ዓይነት ስመርጥ ዝርዝሩ ውስጥ ኮቪሺልድ የሚል አጣሁና «ሌላ» የሚለውን ነካሁ። የባሰው ስህተት ይሄ ነው። አስትራዜኔካ የሚለው እዚያው ነበረ፤ ኮቪሺልድም ያው እሱ ነው፤ ሁለቱንም የዓለም ጤና ድርጅት ተቀብሏቸዋል። «ሌላ» ያለ ሰው ፋይል ግን አንድ ሠራተኛ ብቻ ወደሚያየው ወረፋ ይሄዳል። ሠራተኛው ደግሞ እረፍት ወጥቶ ነበር።

እስከዚያ እኔ ያልተከተብኩ ነኝ። በሳምንት ሁለቴ አፍንጫዬን ይጎረጉሩታል። ምርመራውስ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። ቀጥሎ ግን አካውንቴ ላይ ሆልድ፣ ማለትም ኮርስ እንዳልመዘገብ የሚያግድ ምልክት ገባ። የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ሲከፈት እኔ ከውጭ ሆኜ አየሁ። የፈለግሁት የስታቲስቲክስ ክላስ በሁለት ቀን ሞላ። አማካሪዬ «ለምን በጊዜው አላስገባህም?» አለችኝ። ምን ልበላት?

በኤፍ ዋን፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ ላለ ሰው ሆልድ ቀልድ አይደለም። ባችለር የሚማር በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት። አዲስ ከመጣችሁ ደግሞ የውጭ ተማሪዎች ቢሮው ፕሮግራማችሁ በጀመረ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገባችሁን ሴቪስ በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ ላይ ማስገባት አለበት። ሴቪስ «ካርዴ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ ነው» የሚል ምክንያት አይሰማም። ከክትባት ወረቀት የተነሳ ነገር ቪዛ ጋ የሚደርሰው በዚህ በኩል ነው። ሆልድ ያያችሁ ቀን፣ በዚያው ቀን፣ ለአማካሪያችሁም ለዚያ ቢሮም ንገሩ። «እስኪ ይታያል» የምትሉት ነገር ይቅርባችሁ።

የኔን የፈታው በመጨረሻ ምን መሰላችሁ? በአካል ክሊኒኩ ሄድኩ። አንዲት ነርስ ካርዱን ገልበጥ አድርጋ አየችና «ከከተቡህ ቦታ ቀኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የተጻፈ ደብዳቤ አምጣ» አለችኝ። አለቀ። ሁለት ወር ሙሉ ለማን ነበር ስጽፍ የኖርኩት? ታናሽ እህቴ የተከተብኩበት ጤና ጣቢያ ሦስት ቀን ተመላለሰች። ስሜ ልክ እንደ ፓስፖርቴ፣ የክትባቱ ስም፣ የባች ቁጥር፣ ሁለቱ ቀኖች ወራቸው በፊደል፣ ክብ ማህተም ያረፈበት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አወጣችልኝ። ስካን አድርጋ በላከች በማግስቱ ጸደቀ።

ወሩ በፊደል። ይህቺን ያዙልኝ። ጁን ተብሎ በፊደል ከተጻፈ ማንም አያገላብጠውም። ገና አዲስ አበባ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ደብዳቤውን ሳትይዙ አትሳፈሩ። እዚያ የሦስት ቀን ምልልስ የሆነው እዚህ የሁለት ወር ልቅሶ ነው።

ስም ላይም ተጠንቀቁ። ካርዱ ላይ የናንተና የአባታችሁ ስም አለ። ፓስፖርቱ አያታችሁን ጨምሯል። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ አያታችሁን የቤተሰብ ስም አድርጎ መዝግቧችኋል። ለእነሱ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናችሁ። በምትልኩት ወረቀት ሁሉ ጥግ ላይ የተማሪ መለያ ቁጥራችሁን ጻፉበት።

«ለምን አሜሪካ እንደገና አልተከተብክም?» ያሉኝ ብዙ ናቸው። እልህ ነው። እንደኔ አትሁኑ። ካርዱ የጠፋበት ወይም አንዱን ብቻ ወስዶ የመጣ ክሊኒኩን ጠይቆ ፋርማሲ መሄድ ይችል ነበር። የኮቪድ ክትባት በ2022 እዚህ ነጻ ነበር፤ ኢንሹራንስ ባይኖራችሁም፣ የቪዛችሁ ዓይነት ምንም ቢሆን። ኢንሹራንስ ካላችሁ የኢንሹራንሱን ካርድ ይጠይቋችሁ ነበር፤ የሚከፍለው ግን ኢንሹራንሱ ነበር። ፋይዘር ከሆነ በሁለቱ መካከል 3 ሳምንት፣ ሞደርና ከሆነ 4 ሳምንት ነበር። ከሁለተኛው በኋላ ደግሞ 2 ሳምንት ካላለፈ ሙሉ በሙሉ ተከትበሃል አይሏችሁም ነበር። ቀኑን ከምዝገባው ወደ ኋላ መቁጠር ነበር። በዋዜማው ሮጦ መከተብ ምንም አይጠቅምም ነበር።

ብዙ ቦታ ማጠናከሪያውንም፣ ቡስተሩን፣ ግዴታ አድርገው ነበር። ፋይዘር ወይም ሞደርና ከጨረሳችሁ 5 ወር ሲሞላ ይደርሳችሁ ነበር። አስትራዜኔካ ወስዳችሁ የመጣችሁም እንደዚያው 5 ወር ቆጥራችሁ እዚህ ያለውን ትወስዱ ነበር። ኢሜይሉን መጠበቅ አያዋጣም ነበር፤ አንዳንዴ የሚመጣው ሆልዱ ከገባ በኋላ ነበር።

የክትባት ካርድ ይሸጣል ብሎ የሚያንሾካሹክላችሁ ሰው ካለ ሽሹት። የሲዲሲን ካርድ አስመስሎ መሥራትም ማሳየትም በፌዴራል ሕግ ያስከስሳል። ያኔ ክትባቱ በነጻ እየተሰጠ ለሐሰተኛ ወረቀት ብር መክፈል፣ ያውም በተማሪ ቪዛ ላይ ሆኖ! ይሄ ድፍረት ይሁን ቂልነት ሊገባኝ አልቻለም።

ሌላው ሁሉም የሚረሳው ከኮቪድ በፊትም የነበረው ወረቀት ነው። ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላን አንድ ላይ የሚይዘውን ክትባት ሁለት ጊዜ መውሰዳችሁን አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ይጠይቃል። እኛ በልጅነታችን የተከተብነው የኩፍኙን ብቻ ነው፤ «ተከትቤያለሁ» ማለት አያዋጣም። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 28 ቀን ስለሚያስፈልግ በመጣችሁ ሳምንት ጀምሩት። የቲቢ ምርመራም አለ። ሕፃን ሳለን ክንዳችን ላይ የተወጋነው ቢሲጂ የሚባለው የቲቢ ክትባት በቆዳ የሚሠራውን ምርመራ ሊያሳስተው ይችላል። ቲቢ ሳይኖርባችሁ ክንዳችሁ ያብጥና ወደ ራጅ ትላካላችሁ። ከመጀመሪያው «በደም ይሁንልኝ» በሉ።

ብትታመሙ ደግሞ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ ከሦስት ሰው ጋር በምትኖሩበት ክፍል አትደበቁ። በ2022 የሚባለው 5 ቀን ተለይቶ መቀመጥ ነበር። ከዚያ ትኩሳቱ ከለቀቃችሁና ከተሻላችሁ ቀጣዮቹን 5 ቀን ማስክ አድርጎ መውጣት። ከዚያ በፊት 10 ቀን ነበር። ማስክ አድርጎ በሚማር ልጅ ላይም አትሳቁ። ቤቱ በሽተኛ ይኑር አይኑር አታውቁም።

ያቺ በሌሊት የደወለችልኝ ልጅ ደብዳቤዋን ከአዲስ አበባ አስመጣች። ወሩ በፊደል፣ ማህተሙ ክብ፣ ስሟ እንደ ፓስፖርቷ። ደስ አለኝ። ቆይቼ ደወልኩላት፤ ሆልዱ አልተነሳም ነበር። ደብዳቤውን የላከችው ከግል ጂሜይሏ ነው፤ የጤና ፋይል ስለሆነ ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ውጪ የመጣ ነገር አይከፍቱም። ይሄንን ደግሞ መጻፍ ያለብኝ አልመሰለኝም ነበር።